ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ የሚያልፍ የወፍጮ ሆፐር በካድ አልዘረጋ አለኝ፤ ዝርግ ንድፉን እንዴት ላውጣ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከርማችኋል። በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ንድፍ የማወጣው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት እህል የሚገለበጥበትን ሆፐር እንድንሠራለት አዝዞናል። የላይኛው አፉ 600 በ600 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ የታችኛው አፉ ደግሞ ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ቁመት 350 ሚሊ ሜትር ነው። የሚሠራው ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ሁለቱ አፎች ማዕከላቸው አንድ ላይ ነው፤ ወደ ጎን የዘመመ ነገር የለውም።

በሥራ ቤታችን መበየጃ፣ ግራይንደር፣ በእጅ የሚሠራ ማጠፊያና ባለ ሦስት ሮለር መጠቅለያ አለን። በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ስለሌለን ግን የዲ ኤክስ ኤፍ ፋይሉን (የመቁረጫ ንድፉን) ወደ ባሕር ዳር ልከን በፕላዝማ እናስቆርጣለን። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ንድፉ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የሚባክነው ላሜራው ብቻ አይደለም፤ የጭነቱ ዋጋና ለደንበኛው የተሰጠው ቀጠሮም አብረው ይሄዳሉ።

ችግሬ እንደሚከተለው ነው። የሆፐሩን ሞዴል ከኢንተርኔት በስቴፕ ፋይል (የቅርጹን ሞዴል በያዘ ፋይል) አወረድሁና ልኬቱን አስተካክዬ ሶሊድወርክስ በተባለው የካድ (የኮምፒውተር ንድፍ ማውጫ) ፕሮግራም ወደ ላሜራ ሥራ ልለውጠው ብሞክር፣ ፕሮግራሙ መዘርጋት እንደማይችል ብቻ ነግሮኝ ቆመ። ቀጥዬ ጥምዝ ገጽን ጠፍጣፋ የሚያደርገውን ሌላ ትእዛዝ ተጠቀምሁ፤ እሱ ንድፍ ሰጠኝ፣ አስቆረጥሁትም። ነገር ግን ላሜራው መጥቶ ስናጥፈው አራቱ ማዕዘኖች እሺ አላሉም፤ የላይኛው ጠርዝ ሞገድ ሠራ፣ የመገጣጠሚያው ሁለት ጫፎችም ከላይ ሲገናኙ ከታች ተራራቁ። በመዶሻ ልናስተካክለው ሞክረን በመጨረሻ ጣልነው።

ከዚህ በፊትም ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የውጭ ዲያሜትሩ 600 የሆነ ቱቦ ስንጠቀልል፣ 600ን በ3.1416 አባዝቼ 1885 ሚሊ ሜትር አስቆርጬ ነበር፤ ቱቦው ሲያልቅ ዲያሜትሩ 603 ሆኖ ወደ ቀለበቱ አልገባ ብሎናል። ሁለቱ ስሕተቶች አንድ ምንጭ ይኑራቸው አይኑራቸው መለየት አልቻልሁም። ፕሮግራሙ ለምን እንደማይዘረጋው፣ ትክክለኛው መንገድም የትኛው እንደሆነ በዝርዝር ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የላሜራ ንድፍ ለተማሪዎች ሳስተምር ደጋግሜ የማገኘው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ። ሁለቱ ስሕተቶች ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው የቅርጽ፣ ሁለተኛው የውፍረት ስሕተት ነው።

ከቅርጹ ልነሣ። ጥምዝ ገጽ ሁሉ አይዘረጋም። አንድ ገጽ ሳይለጠጥና ሳይጨመቅ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሊዘረጋ የሚችለው በየትኛውም ነጥቡ ላይ ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መስመር ሲኖረውና በዚያ መስመር ላይ ገጹ ሳይጠማዘዝ ሲቀር ነው። ቱቦ እንዲህ ነው፤ ሾጣጣም እንዲህ ነው። ኳስ ግን እንዲህ አይደለም፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱበት ይጎብጣል። ጋውስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1827 ያረጋገጠውም ይህንኑ ነው፤ የአንድ ገጽ ውስጣዊ ጉብጠት ገጹ ሳይለጠጥ በመተጣጠፍ ብቻ ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አልዘረጋም ሲልዎት ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ድክመት አይደለም፤ የተሰጠው ቅርጽ ከጠፍጣፋ ላሜራ በማጠፍ ብቻ የማይገኝ ስለሆነ ነው።

በየቤታችን ያለውን አክንባሎ ይመልከቱ። ሾጣጣ አክንባሎ ከላሜራ ያለ ችግር ይወጣል። ዲያሜትሩ 600፣ ቁመቱ 160 ቢሆን የጎኑ ርዝመት 340 ነው፤ በ340 ራዲየስ ክብ ተሥሎ ከዙሪያው 251 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ከጠርዝ እስከ ማዕከል እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ ይወጣና ሁለቱ ጠርዞች ይጋጠማሉ። የተቆረጠው ማዕዘን 42.4 ዲግሪ ያህል ነው። ያው አክንባሎ እንደ ሳሕን ጎበጥ ያለ ይሁን ቢባል ግን ላሜራው መለጠጥ አለበት፤ ያ ደግሞ የፕሬስና የቅርጽ ማውጫ ሥራ እንጂ የማጠፊያ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሆፐርዎ እንምጣ። ያወረዱት ሞዴል የተሠራው አራት ማዕዘኑንና ክቡን በለስላሳ ገጽ በማያያዝ እንደሆነ እገምታለሁ። ፕሮግራሙ እንዲህ ሲያያይዝ መልኩ እንዲያምር እንጂ እንዲዘረጋ አይጨነቅም፤ ስለዚህ ጎኖቹ በስሱ የተጠማዘዙ ይሆናሉ፣ በዓይን ግን አይታዩም። ሁለተኛው ትእዛዝ ንድፍ የሰጠዎት ገጹን በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ላስቲክ ለጥጦ ነው። እርስዎ ግን ላሜራውን አልለጠጡትም፣ አጠፉት እንጂ፤ የላይኛው ጠርዝ ሞገድ የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ ትእዛዝ ለሌላ ሥራ ይጠቅማል፤ ውጤቱን ለማጠፊያ መላክ ግን ያከስራል።

ትክክለኛው ከአራት ማዕዘን ወደ ክብ መሸጋገሪያ በአራት ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖችና በአራት የሾጣጣ ቁራጮች የተገነባ ነው። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን መሠረቱን በአራት ማዕዘኑ ጎን ላይ ያደርጋል፣ ጫፉንም በክቡ ሩብ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። በየሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች መካከል የሚቀረው ደግሞ ጫፉ በአራት ማዕዘኑ ማዕዘን ላይ ያለ ያዘመመ የሾጣጣ ክፍል ነው። ሁለቱም ዓይነት ክፍሎች ሳይለጠጡ ይዘረጋሉ፤ በመገናኛቸውም መስመር ላይ ስብራት ሳይፈጥሩ ይቀጣጠላሉ።

በሶሊድወርክስ ይህን የሚሠራው በላሜራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሎፍትድ ቤንድ የተባለው ትእዛዝ ነው። ሁለት ነገሮችን ይጠብቁለት። አንደኛ፣ ሁለቱም ንድፎች የተዘጉ መሆን የለባቸውም፤ በአንዱ ጎን መካከል፣ በሁለቱም ንድፎች ላይ ትይዩ ሆኖ፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። ዙሪያውን የተዘጋ ነገር የሚዘረጋበት አፍ የለውም፤ ያወረዱት ፋይል ያልተዘረጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ፣ አራት ማዕዘኑ ሹል ማዕዘን እንዳይኖረው በጥቂት ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለዝቡት። ከዚያ ትእዛዙ ውስጥ በማጠፊያ የሚሠራውን ምርጫ ከያዙ፣ ማዕዘኑን በስንት እጥፍ መክፈል እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። እርስዎ ያለዎት በእጅ የሚሠራ ማጠፊያ ስለሆነ በየማዕዘኑ ከሦስት እስከ አምስት ክፍል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካበዙት መስመሮቹ ተጠጋግተው ማጠፊያው ሊይዛቸው አይችልም።

ስለ ውፍረቱ ደግሞ፣ ላሜራ ሲጠቀለል የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ በመካከል ርዝመቱ የማይለወጥ መስመር አለ። ዙሪያው መቆጠር ያለበት በዚያ መስመር ላይ ነው። ራዲየሱ ከውፍረቱ እጅግ ሲበልጥ መስመሩ በውፍረቱ እኩሌታ ላይ ይገኛል፤ ካድ ላይ ኬ ፋክተር 0.5 የሚባለው ይህ ነው። ለቱቦዎ መቁጠር የነበረብዎት በ597 ሲሆን የሚገኘው 1875.5 ነው። እርስዎ ያስቆረጡት ከዚያ በ9.4 ይበልጣል፤ ይህም 3.1416 ሲባዛ በውፍረቱ ማለት ነው። ዲያሜትሩ በትክክል በ3 የጨመረውም ስለዚህ ነው።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ልጄ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። የባሕር ዳሩ መምህር የጻፉት እውነት ነው፤ እኔ ኮምፒውተሩን ብዙም አላውቀውም፣ ይህን ሥራ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በጠመኔና በኮምፓስ ስሠራው ኖሬአለሁ፤ መልእክቱን የሚጽፍልኝም ልጄ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሰጥህን ንድፍ ወደ ባሕር ዳር ከመላክህ በፊት በእጅህ ቆጥረህ ብታመሳክረው ያ ላሜራ ባልተጣለ ነበር። ሒሳቡ ከባድ አይደለም።

የአንተን ሆፐር ከላይ ወደ ታች አይተህ በወረቀት ላይ ሣለው። የክቡን ሩብ በሦስት እኩል ክፈለው፤ አራት ነጥብ ይሆናል። ከአራት ማዕዘኑ ጥግ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ መስመር ሥራ። በወረቀቱ ላይ የሚታየው ርዝመት ግን እውነተኛው አይደለም፣ መስመሩ ስለሚወርድ። እውነተኛውን ለማግኘት በወረቀቱ ላይ ያለውን ርዝመት በራሱ፣ ቁመቱንም በራሱ አባዝተህ ደምርና የድምሩን ስኩዌር ሩት አውጣ። ባንተ ልኬት ከጥጉ ወደ መጀመሪያውና ወደ መጨረሻው ነጥብ ያለው 502.5 ነው፤ ወደ ሁለቱ መካከለኛ ነጥቦች ያለው 480.1 ነው። ሌላ ርዝመት የለም፤ ሆፐሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ አራቱም ጥግ አንድ ዓይነት ነው። የጠፍጣፋው ሦስት ማዕዘን መሠረቱ 600፣ ሁለቱ ጎኖቹ 502.5፣ ከፍታው 403.1 ይመጣል። በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ሦስት ማዕዘኖቹን በኮምፓስ እያስከተልህ ሙሉውን ንድፍ ላሜራው ላይ ትዘረጋዋለህ።

አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። በክቡ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በኮምፓስ ቀጥታ ከወሰድህ 51.8 ታገኛለህ፤ ቅስቱን ተከትለህ ከለካህ ግን 52.4 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም ግን ሙሉው ዙሪያ 628.3 መሆን ሲገባው 621.2 ይሆንና አፉ በሁለት ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ይጠባል። ስለዚህ ንድፉ ከኮምፒውተርም ቢመጣ የታችኛውን ቅስት ርዝመት ለካ፤ የላይኛው ጠርዝ ድምርም 2400 መሆኑን አረጋግጥ። እነዚህ ሁለቱ ካልገጠሙ ፋይሉን አትላክ።

መገጣጠሚያውን በጥጉ ላይ አታድርገው። በጠፍጣፋው ሦስት ማዕዘን መካከል አድርገው፤ እዚያ ከሁሉም አጭሩ መስመር ነው፣ 403 ብቻ፣ ብየዳውም ቀጥ ባለ ገጽ ላይ ስለሚሆን ላሜራው አይጣመምብህም። ከቻልህ ሆፐሩን በአንድ ቁራጭ ሳይሆን ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖች መካከል ከፍለህ በሁለት እኩል ግማሾች ሥራው። አንዱ ግማሽ ሲዘረጋ 933 በ473 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ተደራርበው በ1 ሜትር በ1 ሜትር ላይ ይገባሉ። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነ አንድ ላሜራ ሁለት ሆፐር ይወጣልህ ማለት ነው። ግማሹን ማጠፍም ይቀላል፤ ሙሉው ሲሆን የመጨረሻዎቹ እጥፎች ላይ ላሜራው ራሱ ከማጠፊያው ጋር ይጋጫል።

ከዚህ ሌላ፣ ስለ ሥራው ያለኝን ሐሳብ ልንገርህ። የጎኖቹ ቁልቁለት 60 ዲግሪ ስለሆነ መልካም ነው፤ ጥጎቹ ግን 47 ዲግሪ ብቻ ናቸው። ለስንዴና ለበቆሎ ይበቃል። ጤፍ እርጥበት ካለው ግን በጥጉ ላይ እንዳይቋጥር ከደንበኛህ ጋር ተነጋገርና ቁመቱን ጨምር፤ ቁመቱ 450 ቢሆን ጥጉ ወደ 54 ዲግሪ ይወጣል። ይህን ካደረግህ ከላይ የሰጠሁህ ርዝመቶች በሙሉ ስለሚለወጡ እንደገና ቁጠራቸው።

መጀመሪያ ደግሞ በካርቶን ቁረጠው። አንድ የብስኩት ካርቶን ይበቃሃል።

የጠያቂው ምላሽ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ መምህርም አመሰግናለሁ። ሎፍትድ ቤንዱን በተነገረኝ መሠረት ሠርቼ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ዘረጋልኝ። ነገር ግን ዝርጉ ላይ ስለካ የላይኛው ጠርዝ ድምር 2400 ሳይሆን 2383 ገደማ መጣ፤ በጥጉ ላይ የሰጠሁት የማለዘቢያ ራዲየስ 10 ስለነበር ይሆን? የታችኛው ቅስት በትክክል ገጥሟል። በተጨማሪም ኬ ፋክተሩን ስንት ላድርገው? ፕሮግራሙ 0.5 ብሎ ይጀምራል፤ እኛ ግን የምንሠራው በማጠፊያ እንጂ በመጠቅለያ አይደለም።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

አዎን፣ ከራዲየሱ ነው። አንድ ጥግ በ10 ራዲየስ ሲለዝብ ከእያንዳንዱ ጎን 10 ቀንሶ 15.7 ቅስት ይተካል፤ ይኸውም በአንድ ጥግ 4.3፣ በአራቱ 17.2 ይጎድላል ማለት ነው። ያገኙት 2383 በትክክል ይኼው ነው፤ ስለዚህ ንድፉ አልተሳሳተም። ጥጉ ከላይ ካለው የአንግል ብረት ፍሬም ጋር እንዲገጥም ከፈለጉ ራዲየሱን ወደ 2 ወይም 3 ያውርዱት።

ስለ ኬ ፋክተሩ፣ በዚህ ሥራ ላይ ብዙም አይጨነቁ። እጥፎቹ ከ20 ዲግሪ ብዙም የማይርቁ ጥቃቅን እጥፎች ስለሆኑ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ አንዷ እጥፍ የምታመጣው የርዝመት ማስተካከያ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ90 ዲግሪ እጥፍ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ የላይኛውን ከንፈር (ከፍሬሙ ጋር የሚያያዘውን እጥፍ ጠርዝ) በሚያጥፉበት ጊዜ ይመጣብዎታል።

መልስ፦ ከእንጅባራ

ጤና ይስጥልኝ። ሶሊድወርክስ ለሌላቸው አንባቢዎችና ስለ ኬ ፋክተሩ ለተነሣው ጥያቄ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። እኔ የምጠቀመው ነጻ የሆነውን ፍሪካድን ነው፤ የላሜራ ሥራ ክፍሉ ከፕሮግራሙ ጋር ባይመጣም ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ በተጨማሪነት ይጫናል። ጠፍጣፋ ገጾችንና መደበኛ እጥፎችን በደንብ ይዘረጋል። የሾጣጣ ክፍል ሲያጋጥመኝ ግን እንዲዘረጋልኝ አልጠብቅም፤ ጋሼ በጻፉት ሒሳብ ዝርጉን በቀጥታ በንድፍ ገጹ ላይ እሥለውና ለመቁረጥ እልከዋለሁ። ጥምዙን ሞዴል የምሠራው ለደንበኛው ለማሳየትና ከሌላው ክፍል ጋር መግጠሙን ለማየት ብቻ ነው።

በፍሪካድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኬ ፋክተሩን ሲጠይቅ በአሜሪካኑ አንሲ ወይስ በጀርመኑ ዲን ስሌት እንደሆነ ያስመርጣል። የዲኑ ቁጥር የአንሲው እጥፍ ነው፤ በአንሲ 0.4 የሆነው በዲን 0.8 ይባላል። ምርጫውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ የሚሞላ ሰው ዝርጉ ይበላሽበታል።

ትክክለኛውን ቁጥር ከሠንጠረዥ ከመቅዳት ይልቅ ከራስ ማጠፊያ ማግኘት እጅግ ይሻላል፤ ማጠፊያው፣ ላሜራው፣ የሚያጥፈው ሰው እጅ እንኳ ልዩነት ያመጣሉና። አሠራሩ ቀላል ነው። ከዚያው ከምትሠሩበት ላሜራ ርዝመቱ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጡ። መካከሉን በ90 ዲግሪ አጥፉትና ሁለቱን እግሮች ከውጭ በካሊፐር ለኩ። የእግሮቹ ድምር 104 ቢመጣ፣ ከ100 የበለጠው 4 የእጥፉ ተቀናሽ ነው፤ ዝርጉ ሲቆረጥ ከእግሮቹ ድምር የሚቀነሰው ማለት ነው። ውፍረቱ 2፣ የውስጥ ራዲየሱ 3 ከሆነ ከዚህ የሚገኘው ኬ ፋክተር 0.41 ነው። ብዙዎቹ ካዶች ኬ ፋክተሩን ትታችሁ ተቀናሹን 4 ብላችሁ በቀጥታ እንድትሞሉም ይፈቅዳሉ፤ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፣ የለካሁት ነገር ስለሆነ። ሦስት ቁራጭ አጥፉና አማካዩን ውሰዱ። ላሜራው ከሌላ ጭነት ሲመጣ ደግሞ ሙከራውን ድገሙት፤ 2 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ላሜራ ሁልጊዜ 2 አይሆንምና ውፍረቱንም በካሊፐር ማየት ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከሞጣ

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ስላለኝ እዚሁ ላቅርብ። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንድንሠራ ተጠይቀናል፤ ቅርጹ የኳስ ግማሽ ሲሆን ራዲየሱ 500 ነው። ከላይ በተጻፈው መሠረት አይዘረጋም ማለት ነውን?

መልስ፦ ከባሕር ዳር

እንደ አንድ ቁራጭ አይዘረጋም። በጎጃም የምናያቸው ክብ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያቸው ሾጣጣ በመሆኑ ቆርቆሮው እየተቆረጠ ያለ ችግር ይለብሳቸዋል፤ ጉልላቱ ኳስ ሲሆን ግን ያ መንገድ ይዘጋል። የሚሠራው ቅርጹን እንደ ብርቱካን ክፍልፋዮች ከላይ እስከ ታች በቋሚ ቁራጮች በመክፈል ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጎብጥ ይደረግና ውጤቱ ለኳስ የቀረበ ባለ ብዙ ጎን ጉልላት ይሆናል።

በ12 ቁራጭ ቢከፍሉት የአንዱ ቁራጭ ርዝመት ከሥሩ እስከ ጫፉ 785.4 ነው። ስፋቱ ከሥሩ 261.8፣ ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ሲወጡ 226.7፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ 130.9 ሆኖ ጫፉ ላይ ዜሮ ይደርሳል። በካድ ላይ አንዱን ቁራጭ ብቻ እንደ ተቆረጠ ቱቦ አድርገው ይሥሩት፤ ቱቦ ስለሆነ ይዘረጋል፤ ከዚያ በማዕከሉ ዙሪያ 12 ጊዜ ይድገሙት። ጎኖቹ ጠፍጣፋ ስለሚሆኑ የቁራጩ ስፋት ከሰጠሁዎት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለይ ይችላል፤ ይህም ጥጎቹ ኳሱን ይንኩ ወይስ የጎኖቹ መካከል ይንካ በሚለው ምርጫዎ የሚወሰን ነው። ከተቀመጠበት ቀለበት ጋር የሚገጥመውን ይምረጡ። ጫፉ ላይ 12 ሹል ጫፎች በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ብየዳው ስለሚያቃጥላቸው፣ ቁራጮቹን ከጫፉ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ይቁረጧቸውና መስቀሉ የሚቆምበትን ክብ ላሜራ እዚያ ላይ ይበይዱ።

የጠያቂው ምላሽ

ለሁላችሁም የመጨረሻውን ውጤት ላሳውቅ። ደንበኛችን ወፍጮው ጤፍም ስለሚፈጭ ቁመቱ ወደ 450 እንዲያድግ ተስማማ። ጋሼ እንዳዘዙኝ ርዝመቶቹን በእጄ እንደገና ቆጠርሁ፤ ረጅሙ 576.6፣ አጭሩ 557.3፣ መገጣጠሚያው 492.4 መጣልኝ። ከዚያ የጥጉን ራዲየስ 2 አድርጌ ከፕሮግራሙ ያወጣሁት ዝርግ ከዚህ ጋር በግማሽ ሚሊ ሜትር ውስጥ ተስማማ። ግማሹን በካርቶን ቆርጬ አጥፌ ከወፍጮው አንገት ላይ ሳስቀምጠው የታችኛው አፍ ትክክል ሆነ፤ ከላይ ግን ለአንግል ብረቱ የሚሆን ከንፈር መተው ረስቼ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ። 25 ሚሊ ሜትር ከንፈር ጨምሬ፣ ከእንጅባራ በተነገረኝ መንገድ ሦስት ቁራጭ አጥፌ ተቀናሹን 3.8 አግኝቼ ሞላሁበት።

ሁለቱ ግማሾች ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ተቆርጠው መጡ። በየጥጉ አራት እጥፍ አድርገን ከመካከል ወደ ዳር ሳይሆን ከሁለቱ ዳር ወደ መካከል አጠፍናቸው። መገጣጠሚያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ተገናኙ፤ በየ50 ሚሊ ሜትሩ በነጥብ ብየዳ ይዘን ከዚያ ሞላነው። የታችኛው አፍ በአንድ አቅጣጫ 201፣ በሌላው 199 ስለነበር በቱቦ ቁራጭ ላይ አድርገን በእንጨት መዶሻ ጥቂት መታንና ቀለበቱ ገባ። ሆፐሩ አሁን ወፍጮው ላይ ተተክሏል። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ኩንታል ጤፍ ሲገለበጥበት ቆሜ አየሁት፤ በአራቱም ጥግ የቀረ እህል አላገኘሁም።